እቴ ዘሃራ አፏን የዘጋችበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። ገና በሩን ሳልፍ የአብሽ ሽታ ተቀበለኝ። ሰው አራስ ቤት ሲገባ ሕፃኑን ነው የሚፈልገው፤ እኔ ግን በሐሳቤ የታየኝ ከብዙ ዓመት በፊት በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ የአክስቴ የእቴ ዘሃራ አንገት ነው። «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ከማለቴ በፊት ሳቄ አመለጠኝ። ጎረቤቴ በልጇ የሳቅኩ መስሏት እስካሁን ታኮርፈኛለች።

አብሽ ጠጥቶ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ተመትቶ አረፋ ሲያወጣ፣ ማር ጠብ ሲደረግበት ለጉሮሮ ልስልስ ያለ መጠጥ ነው። ሽታው ግን አንዴ ከገባ አይለቅም። ትራስ ውስጥ ይገባል፣ መጋረጃ ውስጥ ይገባል፣ ከላብ ጋር ይወጣል። ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ኮምቦልቻ ያለው ቤታችን አብሽ አብሽ ሲል ከረመ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ስገባ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ዩኒፎርሜን አሽትታ «እናትሽ ወለደች እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ እሷ አይደለችም፣ እቴ ዘሃራ ናት» አልኳት። በእረፍት ሰዓት ክፍሉ በሙሉ እቴ ዘሃራ መውለዷን ሰምቶ ነበር።

እቴ ዘሃራ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቅመም ትሸጥ ነበር። ባሏ እኔ ሳልወለድ ሞቷል፤ ልጅም አልነበራትም፤ ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ እኔን ከኮምቦልቻ አስመጥታ እስኪከፈት ድረስ አትለቀኝም። በእኛ አገር ልጅ ትልቅ ሰውን «እርስዎ» ነው የሚለው። እሷ ግን አይሆንም አለች። «እርስዎ ካልሽኝ አረጀሁ ማለት ነው። አንቺ በይኝ፣ ወላሂ አልቆጣም።» እናቴ ይህንን ስትሰማ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ እሷ ራሷ አንድም ቀን አንቺ ብላት አታውቅም።

አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ከአገጯ ሥር ጀምሮ ተንዠርግጎ፣ ስትስቅ አብሯት የሚነቃነቅ ነው። የደሴን የክረምት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አብሬያት ስተኛ እጄን የማሞቀው እሱ ላይ ነበር። ስታወራ ከሥሩ እንደ አባቴ ሚኒባስ ሞተር ይነዝራል። የሌሎች ሰዎች አክስቶች ለምን እንቅርት እንደሌላቸው ይገርመኝ ነበር።

ድምጿ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እቴ ዘሃራ መደቧ ላይ ተቀምጣ «አብሽ፣ አዝሙድ፣ ኮረሪማ» ስትል ገበያው ሁሉ ይሰማታል። አንድ ሰኞ ከእሷ መደብ ተነስቼ ጨው ተራን አልፌ ጫማ ተራ ድረስ ሄጄ ጠፋሁ። ከበላዬ የሰው ወገብና ዣንጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ። ተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ» እያሉ ይገፈትሩኛል፤ አህያ እግሬን ረገጠኝ። ልቅሶዬን ልለቀው ስል ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በላይ «ሀዩዬ» የሚል መጣ። ሀያት ነኝ፤ ሀዩዬ የምትለኝ ግን እሷ ብቻ ናት። ድምጿን ተከትዬ፣ አንዴም ሳልሳሳት፣ መደቧ ሥር ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ መጥፋት አልፈራሁም።

በመሃል ጨው ተራ ላይ አያ ሰይድ ነበሩ። ጨው ነጋዴ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ፊታቸው ኮስታራ፣ ቀልዳቸው የማያልቅ ሰው። ከእቴ ጋር ሲነታረኩ ነው የሚውሉት፤ እሳቸው ከጨው ክምራቸው፣ እሷ ከቅመሟ። የዚያን ቀን ድምጿን ተከትዬ ስመለስ አስቆሙኝና «ያ እንቅርት ባዶ መሰለሽ እንዴ? ድምጿን የምታጠራቅምበት ነው» አሉኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሌላው ሰው እንቅርት የለውም፤ ሌላው ሰው ድምጽ የለውም። አለቀ።

እንግዲህ ያንን ክረምት አስቡት። እንቅርቱ ወደ ውስጥ መግፋት ጀመረ። ስትተኛ ያስላታል። ገበያ ውለን ወደ ቤቷ የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ በየደጁ እየቆመች «እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ» ትላለች። እኔ ሰላምታ ያበዛች መስሎኝ እጇን እጎትታለሁ፤ ለካ ትንፋሽ እያጠራት ነው። አንድ ቀን አባቴ ይህንን አይቶ ምንም ሳይናገር ሚኒባሱ ውስጥ አስገባንና ሆስፒታል ወሰደን።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። አንገቷን ዳሰሰች፣ ፎቶ አስነሳቻት፣ ጉሮሮዋን በመብራት አየችና «እናቴ፣ ይህ ነገር የአየር ቧንቧዎን እየተጫነው ነው። በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት» አለቻት።

«ድምጼስ?» አለች እቴ።

«የድምጽ ነርቭ የሚያልፈው በዚያው በኩል ነው። በጣም ተጠንቅቄ ነው የምሠራው፤ ግን ምንም አይሆንም ብዬ አልምልልዎትም።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ በድምጼ ነው የምኖረው።»

«ትንፋሹ ከሌለ ድምጹ ከየት ይመጣል?» አለች ዶክተሯ፣ ቀስ ብላ።

እቴ ዝም አለች። እቴ ዝም ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። «የምታወጡትን ግን ለእኛ ትሰጡናላችሁ?» አልኩ። ዶክተሯ ዞራ አየችኝ። «ምን ልታደርጊው?» «ድምጿ እኮ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ እቴም ስትስቅ አሳላት። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ጣቴን አንስታ የራሴው ጉሮሮ ላይ አስቀመጠችና «ኣ በይ» አለችኝ። አልኩ። «አየሽ? ድምጽ እዚህ ነው ያለው። እኔም እንቅርት የለኝም፤ ድምጽ ግን አለኝ።» «ያንቺ ትንሽ ነው» አልኳት። አባቴ ቆብታውን ከራሱ አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

ቀጠሮ ተያዘ። ደም ተመረመረች፤ ቢያስፈልግ ብለው አባቴ የመናኸሪያ ጓደኞቹን ደም ሊያሰጥ ይዞ መጣ። እቴ በበኩሏ የራሷን ዝግጅት ያዘች፤ ገበያውን ዞራ አውፍ ማስባል። ሰው ኦፕራሲዮን ሲገባ የበደለውን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» ብሎ ነው የሚገባው። ችግሩ እቴ ያልተጣላችው ሰው የለም። ከጠዋት ጀምረን ሽንኩርት ተራ ስንደርስ ከሰዓት ሆነ፤ ግማሹን ይቅርታ ስትጠይቅ ጥሉን ታስታውስና እንደገና ትጀምረዋለች። በመጨረሻ ጨው ተራ ደረስን።

«አንተ ሰይድ፣ አንተን አውፍ በለኝ አልልህም። የበደልከኝ አንተ ነህ፤ አንተ ነህ እኔን መጠየቅ ያለብህ» አለቻቸው።

አያ ሰይድ ጨው እየሰፈሩ ነበር። ቀና ሳይሉ «ስትመለሽ እጠይቅሻለሁ» አሉ።

«ካልተመለስኩስ?»

ያን ጊዜ ቀና አሉ። «ትመለሻለሽ። ኢንሻአላህ ትመለሻለሽ» አሉ። ቀልድ አልነበረበትም። እቴም እጄን ይዛ ሄደች።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ቀን ሲስተሯ «ነገ ጠዋት ጾመው ይምጡ» አለቻት። እቴ ደስ አላት። «ለጾም እኔን ነው የምትነግሪኝ? ሰኞና ሐሙስ አይደል እንዴ የምጾመው» ብላ ኮራችባት። የጾምን ነገር ደግሞ ማን ያስተምራታል? ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ። ሱሑር፣ የጾመኛ የሌሊት ምግብ፣ ቀርቧል፤ ገንፎ በቅቤ፣ አብሽ፣ ተምር። «ብዪ፣ አንቺም ለበረካው ቅመሽ። ቀኑ ረጅም ነው» አለችኝ። የፈጅር አዛን ሲል አፏን ተጉመጠመጠች፣ የጾሙን ኒያ በልቧ አሰረች፣ ሰገደች። እንደዚያ ተዘጋጅቶ ሆስፒታል የሄደ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ምንም አልቀመሱም አይደል?» አለች ሲስተሯ።

«ጾመኛ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«መጨረሻ የበሉት መቼ ነው?»

«ሱሑር ላይ ነዋ።»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሱሑር ምን በሉ?»

«ገንፎ። ትንሽ ናት።»

«ሁለቴ ጨምራለች» አልኩ እኔ። ሐሰት መናገር ሐራም መሆኑን ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

ዶክተሯ ተጠርታ መጣች። እቆጣታለሁ ብላ የመጣች ነው የምትመስለው፤ ነገሩን ስትሰማ ግን ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። በማደንዘዣ ስትተኛ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል የለም፣ ውሃውም በሰዓት ተቆርጦ ነው። «የእኛ ጾም ሱሑር የለውም እናቴ» አለቻት። «ሱሑር የሌለው ጾም የት አገር ነው ያለው?» አለች እቴ፤ ቀጠሮው ግን ለሳምንት ተዛወረ። ስንወጣ ሲስተሯ ለቀጣዮቹ ሰዎች «ጾመው ይምጡ፤ ሱሑርም የለም» ስትል ሰማኋት።

በሳምንቱ በትክክል ጾማ ሄደች። ሌላ ጣጣ አላጣችም፤ «እንዲያው ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ ልቅረብ?» ብላ እጅና እግሯን እንሶስላ ሞቃ ስለነበር ጣት ላይ ቆንጥጣ የደም ኦክስጅን የምትለካው መሣሪያ በጠቆረው ጥፍር አላነብ አለች። ሲስተሯ የእጅ ጣቶቿን ሞከረች፣ የእግር ጣቶቿን ሞከረች፣ በመጨረሻ ጆሮዋ ላይ ሰካችላት። እንደ ጉትቻ ተንጠልጥላባት ስትገባ እቴ ወደ እኔ ዞረችና «ሀዩዬ፣ እዚሁ ጠብቂኝ» አለችኝ። ሩቅ ስላልነበርኩ ጮክ ማለት አያስፈልጋትም ነበር። ሆን ብላ ነው ጮክ ያለችው። ኮሪደሩ አስተጋባ።

እኔና አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ትንሽ ቆይተው አያ ሰይድ መጡ። «በዚህ ሳልፍ ነው» አሉ። ሰኞ ነበር። በሰኞ ቀን ጨው ያልዘረጋ ጨው ነጋዴ አይቼ አላውቅም፤ ግን ልጅ ነኝ፣ ያሉኝን አመንኩ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ሲያልፉ ዋሉ። መቁጠሪያ ሙስበሃቸው ከእጃቸው አልወጣም።

ስትወጣ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከጎኑ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ነበር። ስትነቃ አይኗ ፈለገኝ። አፏ «ሀዩ» አለ፤ የወጣው ግን ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ነገር ነው። ዶክተሯ ድምጹ ለሳምንታት ሊጎረንን እንደሚችል፣ አሁን ገና ምንም ማለት እንደማይቻል ነገረችን። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከሆስፒታል ስትወጣ እናቴ አዋጅ አወጣች። በደሴ ብርድና ጉም፣ ብቻዋን፣ ያውም ዳገት ላይ ሆና አይሆንም፤ ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ እኛ ጋ ትተኛለች። አባቴ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። እቴ ከፊት ተቀምጣ አንገቷን በትራስ ደግፋለች፤ በየጠመዝማዛው «ይቅርታ እቴ» ይላታል። ባጃጅ ቀደመን። ጭነት መኪና ቀደመን። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ በዚያ ውርደት ሳምንት አይበላም ነበር።

እናቴ ፋብሪካ በሺፍት ነው የምትሠራው፤ ሰርቪሱ ሲጠራት ትወጣለች። ስለዚህ ቀን ቀን አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ። ትእዛዙን ሁሉ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ከራስጌዋ ትራስ ይደራረብ። ስፌቱ ውሃ አይንካው። ከባድ ነገር አታንሳ። ክኒኗን ጠዋት በባዶ ሆዷ ትዋጥ። አንገቷ ድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሩጡ። እናቴ ማታ ስትገባ ደግሞ ጫማዋን ሳታወልቅ «ጣትዎን ይነዝርዎታል? ከንፈርዎንስ?» ትላታለች፤ ዶክተሯ እሱንም ተጠንቀቁ ብላ ነበርና። ቁስሉ ላይ ቅቤ ልቀባ ብላ ከመጣች አንዲት ጎረቤታችን እናቴ ቅቤውን በምስጋና ተቀብላ ሽሮ ውስጥ ጨመረችው።

ትልቁ ትእዛዝ ግን ይህ ነው፦ አትጩሂ፣ በቀስታ አውሪ። በቀስታ ማውራት የሚባለውን ነገር ግን አላህ ለእቴ አልሰጣትም። ወይ ትጮሃለች ወይ ዝም ትላለች። ዝም ለማለት ቆረጠች። አጠገቧ የቆርቆሮ ኩባያና ማንኪያ አስቀመጥንላት፤ አንዴ ስትመታ አዎ፣ ሁለቴ ስትመታ አይሆንም። የቀረውን የምናገርላት እኔ ነኝ። አባቴ «ቃል አቀባይ» ብሎ ሾመኝ። ትርጉሙን ስጠይቀው «ትልቅ ሥልጣን ነው» አለኝ።

ሠራሁበት እንግዲህ። ጠያቂው አይቆምም፤ የሰፈሩ ሰው፣ የፋብሪካው ሰው፣ ከሐርቡ ፓፓያ ይዘው የመጡ ዘመዶች። «አላህ ያሽርሽ፣ እንዴት ነሽ?» ይላሉ። ኩባያው ኪል ይላል። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሌሊት ትንሽ አንኮራፍቻለሁ ትላለች» እላለሁ። እቴ ታፈጥብኛለች። የጠላቻቸው ሰዎች ሲመጡ «ደክሞኛል፣ ልተኛ ትላለች» እላለሁ፤ ያን ጊዜ አታፈጥም። አብሹን በገፍ ትጠጣለች፤ እኔም አብሬ እጠጣለሁ። የአንገቷ ቆዳ ላልቶ ባዶ ሆኖ ሳየው ግን እጄን የማሳርፍበት አጣሁ። ሌሊት የሚነዝር ነገር የለም።

ቀጠሮዋ ደርሶ ደሴ ወጣን። ዶክተሯ ጉሮሮዋን አየችና ፊቷ ፈካ። «በጣም ጥሩ ነው። የድምጽ ገመዶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ከአሁን በኋላ ዝምታው ይብቃዎት፤ ድምጽም እንደ እግር ነው፣ ካልሄዱበት አይጠነክርም» አለቻት። እቴ የዶክተሯን ጠረጴዛ በጣቷ አንዴ መታች። አዎ ማለቷ ነው።

ቤት ተመለስን። ኩባያው ኪል አለ። በማግስቱም ኪል። አባቴ «ዶክተሯ አውሪ አለችሽ እኮ እቴ» ይላታል፤ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። አንድ ጠዋት ከጓሮ ፓፓያው ሥር ብቻዋን ቆማ አየኋት። ወደ አጥሩ ዞራ አፏን ከፈተች። ደረቷ ሞላ። ከዚያ አፏን መልሳ ገጠመችው፤ ድምጹን ሳትሞክረው። እጇ አንገቷ ላይ ነበር። ዶክተሯን እየታዘዘች እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እቴ ዘሃራ ፈርታ ነበር። ሞክራ ካጣችው ጠፋ ማለት ነው፤ ካልሞከረችው ግን ገና አልጠፋም። ይህንን በዚህ ቃል የምለው ዛሬ ነው። ያኔ ያየሁትን ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ደግሞ ለካ ደሴ መናኸሪያ ላይ ለአያ ሰይድ ነግሯቸው ኖሯል።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ አባቴ አያ ሰይድን ይዞ ገባ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ በእጃቸው ከደጋን የመጣ ማር ይዘዋል። እናቴ ማድ ቤት ናት። ተቀመጡና ዱዓ አደረጉ። «አላህ አፊያውን ያሟላልሽ ዘሃራ» አሉ። ኪል።

«ገበያው እንዴት ነው ትላለች» አልኩ፣ ሳልታዘዝ።

«ገበያውማ ጸጥ ብሏል። ሰው ቅመም ተራ የት እንደሆነ ጠፍቶት ጨው ብቻ ገዝቶ ይሄዳል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሀዩ፣ ቃል አቀባይዋ አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ስትመለሽ እጠይቅሻለሁ ብያት ነበር። ታገባኛለች ወይ በይልኝ።»

ሥልጣን ነውና ወደ እሷ ዞርኩ። «እቴ፣ አያ ሰይድ ታገቢኛለሽ ወይ ይሉሻል።»

ማንኪያው ከእጇ አምልጦ ኩባያው ላይ ወደቀ። ኪል አለ፤ አንዴ።

«እሺ ብላለች» አልኩ።

ማድ ቤት የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ። የእቴ አይን ፈጠጠ። ማንኪያውን ለቀም አድርጋ ሁለቴ ልትመታ፤ ንዴቱ መቼ ሁለት ላይ ያቆማታል? ኩባያውን ትቀጠቅጠው ጀመር። መቁጠር አቃተኝ። «በጣም እሺ ነው የምትለው» አልኩ። አባቴ ፊቱን በቆብታው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አያ ሰይድ ደግሞ ኮስተር ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ለጋብቻው ፋቲሃ ይቀራ።»

እቴ ከአልጋው ተነሳች።

«ማነው እሺ ያለህ! አንተ ሰይድ፣ ማንኪያ ወደቀብኝ እንጂ ማነው እሺ ያለህ!»

መጀመሪያው ጎርናና ነበር። መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። መጨረሻው ግን ወጣ፤ በመስኮቱ ወጥቶ የጎረቤት ዶሮዎችን በተናቸው። እቴ ራሷ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ የሌላ ሰው ድምጽ የሰማች ነው የምትመስለው። የአያ ሰይድ እጆች እንደተዘረጉ ናቸው። አይናቸው እንባ ሞልቷል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እንደገና። «እኔ ይህችን ልሰማ ነው የመጣሁት።»

እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ በነጠላዋ እንባዋን ጠረገች። እቴ ወደ እኔ ዞረችና፣ ፈራ ተባ እያለች፣ «ሀዩ» አለች። ቆየት ብላ «ሀዩዬ»። ሄጄ ሆዷ ላይ ተለጠፍኩ። ነዘረ። በቀጥታ ከደረቷ ነበር የሚመጣው፤ እንቅርት የለም፣ ድምጽ ግን አለ። ዶክተሯ ልክ ነበረች።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆማት። አፏን ዘግታ ያቆየችውን ሁሉ አወራችው፤ ለጠያቂዎቹ ያልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳች ወቀሰችኝ። አንድ ቀን ግን ጸጉሬን እያበጠረችልኝ እጇ ቆመ። «ያ ሰውዬ ግን… የእውነቱን ነበር እንዴ?» አለች፣ እንደ ዋዛ። «ልጠይቅልሽ?» አልኳት። በማበጠሪያው ራሴን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገችኝ።

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ደሴ ተመልሳ መደቧን ዘረጋች። ሰኞ ነው። አዲስ ሻሽ አስራለች፤ አንገቷ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ይታያል። ሰዉ እየመጣ ያቅፋታል። እኔ አንድ ጉዳይ ነበረኝ። ቀስ ብዬ ከመደቧ ተነሳሁ፣ ጨው ተራን አለፍኩ፣ ጫማ ተራ ድረስ ሄድኩ፣ ያኔ የጠፋሁበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ከበላዬ ያው ወገብና ዣንጥላ ነው። ጠበቅኩ። እንደምትጠራኝ አውቃለሁ፤ ይድረስ አይድረስ ግን አላውቅም።

ቆየሁ። ከእሷ ወገን ምንም አልተሰማም። ጫጫታው ብቻ ነው። አይኔ እንባ ሲያቅር ተሰማኝ፤ ድምጿ ተመልሷል እንጂ እንደ ድሮው ሩቅ አይደርስም ማለት ነው። ልመለስ ስል ከመሃል፣ ከጨው ተራ፣ ሻካራ የወንድ ድምጽ ተነሳ።

«ሀዩዬ፣ ነይ ተብለሻል።»

አያ ሰይድ ናቸው። ድምጿ እሳቸው ጋ ደርሷል፤ የቀረውን መንገድ እሳቸው እየወሰዱት ነው። በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ ባለኝ አቅም «መጣሁ» አልኩ። ወዲያው ወደ ቅመም ተራ ዞረው ሲያቀብሉ ሰማኋቸው። «መጣሁ ትላለች፣ ዘሃራ።»

በሰዉ እግር መሃል ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። ቃል አቀባይነቴን የወሰዱብኝ ያን ሰኞ ነው፤ ምንም አልከፋኝም።